በአሜሪካ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ደብቆ መያዝ፦ በአንዱ ግዛት መብት፣ በሌላው ወንጀል

ከአትላንታ ጭነት ጭኖ ወደ ኒው ጀርሲ የሚያቀና አንድ የከባድ መኪና ሾፌር እናስብ። ከአፍሪካ ቀንድ የሄደ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ የወንጀል ሪከርድ የሌለበት ሰው ነው። ሌሊቱን በየአውራ ጎዳናው ማረፊያ ስለሚያሳልፍ፣ ለደኅንነቱ ሲል በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ሽጉጥ ከልብሱ ሥር ታጥቋል። የሚኖርባት ጆርጂያ ለዚህ ፈቃድ አውጣ አትለውም። ቀጥላ የምትገኘው ደቡብ ካሮላይናም እንዲሁ። ወደ ሰሜን ገፍቶ ሲቀጥል ግን ያው ሰው በዚያው ሽጉጥ ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ኒው ጀርሲ ደርሶ በፖሊስ ቢያዝ ደግሞ ለዓመታት እስር፣ ከዚያም አልፎ ከአገር ለመባረር ሊዳረግ ይችላል።

ሾፌሩ ምሳሌ ነው፤ ሕጎቹ ግን በሥራ ላይ ያሉ ናቸው። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ50ዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች 29ኙ፣ ሽጉጥ መያዝ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው መሣሪያውን ደብቆ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም የሚል ሕግ አላቸው። (ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደጋፊዎቹ ይህን የዜጎች መብት ወደ ቦታው መመለስ አድርገው ሲያዩት፣ ተቃዋሚዎቹ የመጨረሻውን መከላከያ ማፍረስ ነው ይላሉ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይፈቅዳል? ምንስ ይከለክላል? ክርክሩ የሚያጠነጥነውስ በምን ላይ ነው?

‘ያለ ፈቃድ’ ማለት ‘ያለ ሕግ’ ማለት አይደለም

እነዚህ ሕጎች ያስቀሩት አንድ ነገር ነው፤ ሽጉጥ ደብቆ ከቤት ለመውጣት ቀድሞ ይጠየቅ የነበረውን ፈቃድ። በቴክሳስ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አሻራ መስጠት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚወስድ ትምህርት መከታተልና የተኩስ ፈተና ማለፍ ነበረበት። የግዛቲቱ ገዥ ግሬግ አቦት የፈረሙትና በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን ሁሉ በግዴታ ፋንታ በፈቃደኝነት የሚደረግ አደረገው። ጆርጂያ፣ ኦሃዮና ኢንዲያና በ2022፣ ፍሎሪዳ በ2023፣ ደቡብ ካሮላይናና ሉዊዚያና በ2024 ተመሳሳይ መንገድ ተከትለዋል።

መሣሪያ መግዛትና ታጥቆ መሄድ ግን በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ፈቃድ ካለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ የሚገዛ ሰው በየትኛውም ግዛት ቢሆን ቅጽ መሙላትና የኋላ ታሪኩን ማስመርመር አለበት። ይህ ግዴታ በ1993 ከጸደቀው የብሬዲ ሕግ የመጣ ሲሆን፣ በኮምፒውተር የሚካሄደው ፈጣን ማጣሪያ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኛ የተባለ ሰው፣ ግዛቱ ፈቃድ ጠየቀም አልጠየቀም፣ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መያዝ አይችልም።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ግለሰብ የራሱን ሽጉጥ ለሌላ ግለሰብ ሲሸጥ የፌዴራሉ ሕግ ማጣሪያ አያስገድድም፤ ይህን የሚያስገድዱት የተወሰኑ ግዛቶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ግዢውም ያለ ማጣሪያ፣ ትጥቁም ያለ ፈቃድ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። ተቃዋሚዎች አጥብቀው የሚያነሡት አንዱ ነጥብ ይህ ነው።

ፈቃድ በማይጠየቅባቸው ግዛቶችም የተከለከሉ ቦታዎች አሉ። ፍርድ ቤቶችና የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ካለፉ በኋላ ያሉ ቦታዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመሥሪያ ቤት፣ የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶችም መሣሪያ ይዞ መግባትን መከልከል ይችላሉ። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የትምህርት ቤት ክልል ጉዳይ ነው። በፌዴራል ሕግ መሠረት ከትምህርት ቤት 1,000 ጫማ ወይም 300 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ነው። ከዚህ ክልከላ ነፃ ከሚሆኑት መካከል ትምህርት ቤቱ ያለበት ግዛት የሰጠው ፈቃድ ያለው ሰው ይገኝበታል። ፈቃድ ያላወጣው ሰው ግን፣ ግዛቱ ‘አያስፈልግህም’ ቢለውም፣ ይህ ከለላ የለውም።

ክልከላዎቹን ረስቶ መገኘት ብርቅ አይደለም። በ2023 በመላ አሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ 6,737 የጦር መሣሪያዎች የተያዙ ሲሆን፣ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥይት የጎረሱ ነበሩ። ከሁሉም ብዙ የተያዘበት የአትላንታው አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ከመከልከል ወደ መፍቀድ

በአሜሪካ መሣሪያ መታጠቅ ከጥንት ጀምሮ ያለ ገደብ የነበረ መብት ነው የሚለው አባባል ሙሉውን ታሪክ አይናገርም። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይጣስ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ኬንታኪና ሉዊዚያና ደብቆ መታጠቅን የከለከሉት ገና በ1813 ነበር። በዚያ ዘመን በግልጽ የታጠቀ ሰው እንደ ጨዋ፣ መሣሪያውን የደበቀ ሰው ግን ክፉ እንዳሰበ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የመሣሪያ መብት ምልክት ተደርጋ የምትታየው ቴክሳስ እንኳ በ1871 ሽጉጥ ይዞ መንቀሳቀስን ከልክላ፣ ፈቃድ መስጠት የጀመረችው ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ገዥ ሳሉ በ1995 በወጣ ሕግ ነው።

ከዚህ የተለየችው ትንሿ ቨርሞንት ናት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1903 አንድ ከተማ ያወጣውን የፈቃድ ደንብ ውድቅ ካደረገ ወዲህ ፈቃድ የሚባል ነገር ኖሯት አያውቅም። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተከታይ አልነበራትም። በ2003 አላስካ፣ በ2010 አሪዞና ተከተሏት፤ ከ2015 በኋላ ሌሎቹ ጎረፉ።

በመሀል አንድ ሌላ ለውጥ ነበር። ፍሎሪዳ በ1987 ያወጣችው ሕግ፣ መስፈርቱን ላሟላ አመልካች ባለሥልጣኑ ፈቃድ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። ከዚያ በፊት በብዙ ግዛቶች መስጠትም መከልከልም በፖሊስ አዛዡ ወይም በዳኛው ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የፍሎሪዳ መንገድ በቀጣዮቹ ዓመታት አብዛኛውን አገር አዳረሰ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤትም መብቱን በየደረጃው አሰፋው። በ2008 በዋሽንግተን ዲሲ ጉዳይ፣ በቤት ውስጥ ለራስ መከላከያ ሽጉጥ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ሲል ወሰነ። በ2022 ደግሞ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ፣ ደብቆ ለመታጠቅ ‘የተለየ ምክንያት አቅርብ’ የሚለውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረ። ውሳኔው ከቤት ውጭ መታጠቅም መብት መሆኑን አጸና፤ ግዛቶች ፈቃድ መጠየቃቸውን ግን አልከለከለም። በ2024 ይኸው ፍርድ ቤት ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ፣ በቤተሰቡ ላይ ጥቃት እንዳያደርስ የእገዳ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ መከልከል እንደሚቻል ወስኗል። በአጭሩ፣ ፈቃድን ማስቀረት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ምርጫ እንጂ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ አይደለም።

ደጋፊዎቹ ምን ይላሉ?

የደጋፊዎቹ የመጀመሪያ መከራከሪያ የመርሕ ነው። ለመናገር፣ ለማምለክ ወይም ለመሰብሰብ ከመንግሥት ወረቀት የማይጠየቅ ከሆነ፣ በዚያው ሰነድ ውስጥ ለሰፈረ መብት ለምን ይጠየቃል? ይላሉ።

ሁለተኛው የተግባር ነው። ወንጀለኛ ፈቃድ ለማውጣት አይሰለፍም፤ ወረቀቱ የሚያስቸግረው ሕግ አክባሪውን ነው የሚል ነው። ለፈቃድ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለትምህርቱ ከሥራ የሚጠፋው ቀን፣ መልሱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ የሚከብደው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ነው። የቀድሞ ባሏ እገድልሻለሁ እያለ የሚዝትባት ሴት ሳምንታት መጠበቅ የለባትም ሲሉም ይሞግታሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። በ1956 በሞንትጎመሪ፣ አላባማ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ የመብት ታጋዩ ሽጉጥ ደብቀው ለመያዝ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል። ዛፉን በፍሬው እንደማወቅ ሁሉ፣ የፈቃድ ሥርዓቱን ባገለላቸው ሰዎች ማወቅ ይቻላል የሚሉ ጥቁር አሜሪካውያን ጥቂት አይደሉም። በ2022ቱ የኒው ዮርክ ጉዳይ፣ ለድኾች የሚቆሙ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ከመሣሪያ መብት ተሟጋቾች ጎን መሰለፋቸው ብዙዎችን አስገርሞ ነበር። ምክንያታቸው ግን ግልጽ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዘሃል ተብለው እስር ቤት የሚገቡት ደንበኞቻቸው በአመዛኙ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ናቸው።

ተቃዋሚዎቹስ?

በዚህ ክርክር ውስጥ ያልተጠበቀው ተቃዋሚ ፖሊስ ነው። በቴክሳስና በኦሃዮ ሕጎቹ ሲረቀቁ በርካታ የፖሊስ ማኅበራትና አዛዦች ተቃውሟቸውን ለሕግ አውጪዎች አሰምተዋል። ቀድሞ አንድ ፖሊስ በጥርጣሬ ያስቆመው ሰው ፈቃድ ከሌለው፣ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ሽጉጡን ሊወስድበት ይችል ነበር። ዛሬ ሽጉጥ መገኘቱ ብቻውን ለምርመራ በቂ ምክንያት ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል ማንኛውም የቆመ መኪና ውስጥ መሣሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ ፖሊሱ ወደ መስኮቱ የሚቀርበው እጁን ወደ ወገቡ አስጠግቶ ነው።

ሁለተኛው ስጋት የሥልጠና ጉዳይ ነው። ለመኪና መንጃ ፈቃድ ተፈትኖ፣ ለሽጉጥ ሳይፈተን የሚወጣ ሰው በሰው መሀል ሲተኩስ ማንን ሊመታ እንደሚችል አይታወቅም ይላሉ። በመንገድ ላይ የሚነሣ ተራ ጠብ ወደ ተኩስ እንዲያድግ፣ በመኪና ውስጥ የሚተው ሽጉጥም በሌባ እጅ እንዲገባ ያደርጋል የሚል ስጋትም አለ።

ሆኖም ፈቃድ ያለው ሰውም ከአደጋ ነፃ አለመሆኑን የሚያስታውስ ክስተት አለ። በ2016 በሚኒሶታ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መኪናው በፖሊስ ከቆመ በኋላ መሣሪያ መያዙን በጨዋነት ለፖሊሱ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። ሰውየው ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። ፖሊሱ በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ነፃ ተብሏል። የሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ይህን ክስተት ይጠቅሱታል፤ የሚወስዱት ትምህርት ግን ለየቅል ነው።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

ተመራማሪው ጆን ሎት በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ታጣቂ ዜጎች ሲበዙ ወንጀል ይቀንሳል ብለው ነበር። በ2004 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ማስረጃዎቹን መርምሮ፣ ሕጎቹ ወንጀልን ቀንሰዋል ወይም ጨምረዋል ለማለት በቂ አይደሉም አለ። ከዚያ በኋላ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ዶናሂውና ባልደረቦቻቸው በ2019 ያሳተሙት ጥናት፣ የፍሎሪዳን ዓይነት ሕግ ባወጡ ግዛቶች ከዐሥር ዓመት በኋላ የኃይል ወንጀል፣ ሕጉ ባይወጣ ይኖር ከነበረው ከ13 እስከ 15 በመቶ ከፍ ማለቱን ገምቷል። ራንድ የተሰኘው የምርምር ተቋምም እንዲህ ያሉ ሕጎች የግድያ ወንጀልን እንደሚጨምሩ የሚደግፍ ማስረጃ አለ ሲል ደምድሟል።

እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የመረመሩት ግን ፈቃድ ማግኘት ቀላል የሆነበትን የቀድሞውን ለውጥ እንጂ ፈቃድን ፈጽሞ ማስቀረትን አይደለም። አዲሶቹ ሕጎች የወጡት ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን መላ አገሪቱ ውስጥ ግድያ ባሻቀበበት፣ ከዚያም በቀነሰበት ወቅት ስለሆነ የሕጉን ውጤት ከሌላው መለየት አዳጋች ነው። ደጋፊዎች የኦሃዮን ምሳሌ ያነሣሉ። በግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጠያቂነት የተካሄደ ጥናት፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ ከስምንቱ ትልልቅ ከተሞች በስድስቱ በመሣሪያ የሚፈጸም ወንጀል መቀነሱን አሳይቷል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው በዚያው ጊዜ ፈቃድ በሚጠይቁ ግዛቶችም ወንጀል መቀነሱን ያስታውሳሉ።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት፣ በክርክሩ ግን ብዙ የማይነሣ ሌላ እውነት አለ። በ2023 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ46,000 በላይ ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ያጡት በገዛ እጃቸው ነው። ለብዙ ቤተሰብ የሽጉጡ አደጋ ያለው ከመንገዱ ይልቅ በመኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስደተኛው ልብ ሊለው የሚገባ

ከኢትዮጵያ ወይም ከጎረቤቶቿ ለሄደ ሰው ይህ ሥርዓት እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ በብዙ የገጠር አካባቢ ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የክብር ዕቃ ቢሆንም፣ በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ለመያዝ ፈቃድን ግዴታ ያደርጋል። በኬንያም ፈቃድ የሚሰጥና የሚሰርዝ ቦርድ አለ። እንዲህ ካለ አገር የመጣ ሰው ‘ፈቃድ አያስፈልግም’ ሲባል ‘ምንም አይጠየቅም’ የተባለ ሊመስለው ይችላል።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የመኖሪያ ሁኔታ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መሣሪያ መግዛትና መያዝ ይችላል። በተማሪነት፣ በጎብኚነት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሽጉጥ መያዝ ቀርቶ አንዲት ጥይት ይዞ ቢገኝ በፌዴራል ወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም እንዲሁ። ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ መኖሩ ይህን አይለውጠውም።

ሁለተኛው የግዛት ድንበር ነው። ሜሪላንድ፣ ኒው ጀርሲና ዋሽንግተን ዲሲ የሌላ ግዛት ፈቃድ እንኳ አይቀበሉም። በ2013 ከፔንሲልቬንያ የሄደች አንዲት እናት ኒው ጀርሲ ውስጥ ፖሊስ ሲያስቆማት፣ በግዛቷ ፈቃድ የያዘችውን ሽጉጥ ራሷ ተናግራ ታሰረች። ክሱ ቢጸናባት ቢያንስ ሦስት ዓመት ተኩል እስር ይጠብቃት ነበር። በመጨረሻ የዳነችው በ2015 ከግዛቱ ገዥ ባገኘችው ይቅርታ ነው። እርሷ አሜሪካዊት ነበረች።

ዜግነት ለሌለው ሰው ዋጋው ከዚህ ይከብዳል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ፣ መሣሪያን ሕግ ተላልፎ በመያዝ ወይም በመታጠቅ ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ዜጋን፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ቅጣቱ ቀላል ቢሆንም፣ ከአገር ሊባረር ከሚችል ሰው ይቆጥረዋል። በጥድፊያ ‘ጥፋተኛ ነኝ’ ብሎ መቀጮ ከፍሎ መውጣት እፎይታ ይመስላል፤ ዓመታት ቆይቶ ግን የዜግነት ማመልከቻ ሲገባ ወይም ከአገር ቤት ሲመለሱ በአውሮፕላን ማረፊያ ሊነሣ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010፣ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ስለዚህ አደጋ ደንበኛውን የማስጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከማመን በፊት ጠበቃን ‘በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ምን ያስከትላል?’ ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ሾፌሮች የአሠሪያቸውንም ደንብ ማወቅ አለባቸው። ለምሳሌ ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቻቸው በሥራ ላይ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላሉ። መሣሪያን በሌላ ግዛት አቋርጦ ማጓጓዝ ግድ ለሆነበት ሰው በ1986 የወጣ የፌዴራል ሕግ መንገድ ይከፍታል፤ ሰውየው በተነሣበትም በሚደርስበትም ቦታ መሣሪያውን በሕግ መያዝ የሚችል መሆን አለበት። ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶ፣ ከሾፌሩ እጅ ርቆ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል በሌለው መኪና ደግሞ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። የዳሽቦርዱ ኪስ አይበቃም።

ቀጥሎስ?

በሪፐብሊካን የሚመሩ ግዛቶች ያለ ፈቃድ መታጠቅን ሲያሰፉ፣ በዲሞክራቶች የሚመሩት የፈቃድ መስፈርቱን ያጠብቃሉ፤ መሣሪያ የማይገባባቸውን ቦታዎች ዝርዝርም ያረዝማሉ። በኮንግረስ ደግሞ የአንዱ ግዛት መብት በሁሉም ዘንድ እንዲከበር የሚጠይቅ ረቂቅ በተደጋጋሚ ይቀርባል። በ2017 የተወካዮች ምክር ቤት አጽድቆት በሴኔት ሳይሳካለት ቀርቷል። በ2025 እንደገና የቀረበው ረቂቅ፣ ፈቃድ የማይጠይቁ ግዛቶች ነዋሪዎችንም የሚያካትት ሲሆን የምክር ቤቱን የፍትሕ ኮሚቴ አልፏል።

ከክርክሩ ሥር ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን መታጠቅ እንደሚገባው የሚጣራው መቼ ነው? የፈቃድ ሥርዓት ሰውየው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይጠይቀዋል። አዲሱ ሕግ ግን ያምነዋል፤ ካጠፋ በኋላ በፍርድ ቤት ይጠይቀዋል። ሕጉን የማወቅ፣ ድንበሩን የመለየት፣ የመሠልጠን ኃላፊነት ከመንግሥት ጠረጴዛ ተነሥቶ በታጣቂው ትከሻ ላይ አርፏል። ለተወላጁ ይህ ነፃነት ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ወረቀቱ በአንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ሊጠፋ ለሚችለው ሾፌር ግን፣ ማንም ሳይጠይቀው የወጣበት ጥያቄ ኒው ጀርሲ ላይ ከመኪናው መስኮት ውጭ ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል።